ወደ ኩርባው የሚያይ መብራት

አናጺው የሚሉት እንዲህ ነው፦ «የመኪና ድምፅ ስሰማ የመስኮቱን ክፈፍ በትከሻዬ እንደያዝኩ ከመንገዱ ወረድኩና ጥጌን ይዤ ቆምኩ። እንደ ግንድ ነው የቆምኩት። መብራቱ ማዶ ያለውን የሽንኩርት ማሳ ቀን ሲያስመስለው ቆሜ አይቻለሁ፤ እኔ ያለሁበት ግን ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከዚያ መኪናው ድንገት ዞሮ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ። ጮኽኩ። ያየኝ ያን ጊዜ ነው።»

አጎቴ የሚሉት ደግሞ እንዲህ ነው፦ «መንገዱ ባዶ ነበር። ቀስ ብዬ ኩርባውን ስይዝ ሰውዬው ከነመስኮቱ እንደ ፌንጣ ዘሎ ፊቴ ተገተረ። መሪውን ወደ ግራ ባልጠመዝዘው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ወሬ ነበር። እሱን አተርፋለሁ ብዬ ማዶ ካለው ቦይ ገባሁ፣ ወተቴን ደፋሁ፤ እሱ ግን ‹ቆሜ ነበር› ይላል! የቆመ ሰው አይታይም?»

ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አናጺው ሚስማር ጠሞ ከገባባቸው ማንም ባያይባቸው እንኳ ነቅለው እንደገና የሚመቱ ሰው ናቸው። አጎቴም ወተቱ ላይ ውሃ የጨመረ ገበሬ የገዛ ወንድማቸው ቢሆን አይሸፍኑለትም። ሁለቱም ውሸት አይሆንላቸውም። ታዲያ አንዱ «ቆሜ ነበር»፣ ሌላው «ዘለለ» ሲል ማንን እንመን? ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እኔም መሃል ላይ ቀረሁ።

ጉዳቱ እንኳ የከፋ አልነበረም። ወተቱ ፈሰሰ፣ ክፈፉ አንድ ጥጉ ተሰነጠቀ፣ የአሮጌው ፒክአፕ የፊት እግር ተሰበረ። የከፋው ሌላ ነው። አጎቴና አናጺው አጥር ተጋርተው ያረጁ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እድሜያቸውን ሙሉ «አንተ ሰነፍ»፣ «አንተ ቀርፋፋ» እየተባባሉ የኖሩ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ገና የተዋወቁ ይመስል «እርስዎ» መባባል ጀመሩ። «እንዴት አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ይህን የሰማ እንግዳ እንዴት ያሉ ጨዋ ጎረቤቶች ናቸው ይላል። እኛ ለምናውቃቸው ግን ከስድብ የባሰ ነበር።

አጎቴ የወተት ማኅበሩ ሾፌር ናቸው። ዳገቱ ላይ ያሉት ገበሬዎች ላሞቻቸውን የሚያልቡት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ የአመሻሹ ወተት ወደ ማቀዝቀዣው የሚወርደው ሁልጊዜ ከጨለመ በኋላ ነው። አጎቴ ከመጠን በላይ ቀስ ብለው ስለሚነዱ መንገደኛው «ጋሽ ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ልጆች ፒክአፓቸው ሲያልፍ እየተከተሉ «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» ብለው ተረቱን ይጨርሱላቸዋል። እሳቸውም በመስኮት ብቅ ብለው «ሄዶም ይገባል!» ብለው ይመልሱ ነበር። በዚህ አነዳዳቸው ቦይ መግባታቸው ነው ሰውን ሁሉ ያስገረመው።

አሮጌው መኪና ከተሰበረ ወዲህ የአመሻሹ ወተት አልወረደም፤ ገበሬው ለጥጃ እያጠጣ፣ የቀረውን እየደፋ ነው። የማኅበሩ ኃላፊ ሁለት ያገለገሉ ፒክአፖች አስመጥታ ግቢው ውስጥ አቆመችና «የሚነዱት እርስዎ ነዎት፤ አንዱን ይምረጡ» አለቻቸው። አንደኛው ረጅም ነው፤ ብዙ ጣሳ ይጭናል። ሁለተኛዋ አጠር ትላለች፣ ግን መሪዋ ሲዞር የፊት መብራቷም አብሮ ወደ ኩርባው ይዞራል። እኔ በማኅበሩ የወተት ምርመራ ክፍል ስለምሠራ ይህን ሁሉ እሰማለሁ። ስለ መብራቱ ለአጎቴ ላስረዳቸው በሞከርኩ ቁጥር ግን «ኮሌጅ ለወተቱ ይሁን፣ መንገዱን ለእኔ ተወው» እያሉ ያባርሩኝ ነበር።

ነገሩ የተፈታው ሳይታሰብ፣ ፀጉር ልቆረጥ በሄድኩበት ቤት ነው። ስገባ አጎቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ነው። አናጺው ደግሞ በሩን ከማጠፊያው አውልቀው በላዩ ላይ አጎንብሰዋል። ለካ ፀጉር አስተካካዩ የሚያፏጨውን በሩን እንዲያስተካክሉለት ጠርቷቸው ኖሯል። አጎቴ በግማሽ ጺም ተነስተው መውጣት አልቻሉም፤ አናጺውም በር የሌለው ቤት ትተው መሄድ አልቻሉም።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ በሹክሹክታ። «ምላጭ በእጄ ይዤ በሁለት የተኳረፉ ሽማግሌዎች መሃል ቆሜልሃለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ አጎቴ በመስታወቱ ውስጥ እያዩት። «ጆሮዬ እንደ ዓይኔ ነው፤ ምንም አያመልጠውም።»

አናጺው ቀና ሳይሉ «እንደ ዓይንዎ ከሆነማ እግዜር ይሁንዎት» አሉ።

«ይኸው! ሰማህ?» አጎቴ ሊዞሩ ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ አገጫቸውን ያዘ። «እኔ ዓይኔን መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ ተመርምሬአለሁ። ሐኪሟ ‹እንደ ጎረምሳ ነው› ብላኛለች።»

«ጎረምሳማ ከቆንጆ ሌላ ምን ያያል?» አሉ አናጺው፤ ፀጉር አስተካካዩም ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ።

ይህን ዕድል ካሳለፍኩት ዳግም አላገኘውም ብዬ አሰብኩ። አንደኛው ማምለጥ አይችልም፣ ሌላኛውም አይሄድም። በትሕትና ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለታችሁም እውነት ብትሆኑስ?»

«እንዴት ተደርጎ?» አሉ ሁለቱም እኩል። በዚያ ሳምንት የተስማሙበት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«የመኪና መብራት አፍንጫዋ ላይ የተቸነከረ ነው፤ የሚያበራው አፍንጫዋ ወደሚያይበት ነው። ኩርባ ሲጀምሩ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራሉ፣ ዓይንዎም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ አፍንጫዋ ግን ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሽንኩርቱን ያያል፣ እርስዎ መሄድ የሚፈልጉበት ጥግ ግን ጨለማ ነው። እሳቸው ቆመው ነበር፤ ግን ከመብራቱ ውጪ። መኪናው ዞሮ መብራቱ ሲያርፍባቸው ለእርስዎ ካለመኖር ወደ መኖር መጡ። ይህ ደግሞ ለሾፌር ዘሎ ከመውጣት አይለይም።»

አናጺው መዶሻቸውን አስቀመጡ። አጎቴ ግን በአረፋው ውስጥ ሆነው ሳቁ።

«ጥሩ አድርገህ አማለድክ። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ይህን ኩርባ ስንት ዓመት ነድቼዋለሁ? ያ የተቸነከረ መብራት ያኔ የት ነበር? እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልነካሁም፣ ዶሮ እንኳ አልነካሁም! መብራቱ ቢሆን ጥፋቱ ድሮም ቦይ እገባ ነበር።»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም «እሱን አላውቅም፣ ጋሼ» አልኩ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ በረቱ። «አየህ! ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። መብራት ማለት ቀጥ ብሎ የሚያበራ ነው፤ እንደ ሠርገኛ ዓይን ግራ ቀኝ የሚል መብራት ምን ይሉታል? እሱን የሚያዞር ሞተር አለው አሉ። የእኛን አቧራ ታውቀዋለህ። በሁለተኛው ወር ሞተሩ ይታነቃል፤ መብራቱ ወደ ጎን ዞሮ ይደርቃል፤ እኔም ቀጥ ባለው መንገድ የሰው አጥር እያበራሁ ልሄድ ነው።»

«እሱን የግቢውን መካኒክ ጠይቄዋለሁ» አልኩ። «ሞተሩ ቢታነቅ መብራቱ ወደ መሃል ተመልሶ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያችው አጭሯ መኪና ላይ መብራቱ መሪውን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ሽቦ ነቅሎ አሳይቶኛል። በዚያን ጊዜ ከረጅሙ መኪና አይሻልም፣ ግን አይብስም። አቧራው እውነት ነው፤ ሽፋኑን ማጽዳት ሥራ ይጨምራል። አልክድም።»

«ጣሳውስ? አጭሯ የምትጭነው ያንሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።»

«ያንሳል። ወተት በበዛበት ቀን ሁለት ጊዜ መመላለስ ይኖራል።»

«ከፊት የሚመጣውንስ? መብራቱ ሲዞር የሰው ዓይን ውስጥ ቢገባ?»

«ይህን በመሞከር ነው የምናውቀው።»

«ደግሞ የሚያበራ መኪና ያገኘ ጎረምሳ መንገዱ ታየኝ ብሎ ይከንፋል። ጨለማ ቢያንስ ያስፈራል!»

«ይህም እውነት ነው፣ ጋሼ። ለሚከንፍ ሰው ምንም መብራት አይበቃውም። ከተማ ውስጥ የመንገድ መብራት ባለበት ለሚነዳም፣ ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ለሚሄድም ጥቅሙ ትንሽ ነው። እኔ ‹ለሁሉም ሰው› አላልኩም። ቀስ ብሎ ለሚነዳ፣ ኩርባ በበዛበት መንገድ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ለሚወርድ ሰው ነው ያልኩት። እንደዚህ ያለ ሰው ደግሞ በዚህ ሰፈር አንድ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እያበሰ «እንቁላሉ እግሩ ስር ይብራለት ነው የምትለው» አለ። አጎቴ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ አረፋ ገባባቸው።

በዚህ መሃል የአጎቴ ባለቤት በሩ በሌለበት ደጃፍ ብቅ አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ቀኝ ትከሻቸው በወፍራም ሹራብ ተጠቅልሏል፤ ሲገቡም ሰላም ያሉን በግራ እጃቸው ነው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ሄደው የተመለሱት በቅርቡ ነበር።

«እዚህ ተቀምጠህ ነው? ኃላፊዋ እኮ ዛሬ ማታ መልስ ትፈልጋለች» አሏቸው ለአጎቴ። ከዚያ አናጺውን አዩና ፈገግ አሉ። «ወንድሜ፣ አሁንም ‹እርስዎ› ናችሁ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?» አሉ አናጺው። «‹ዘለልክ› የተባልኩ እኔ ነኝ። በዚህ ጉልበቴ! ደረጃ ስወጣ የማርፍ ሰው!»

«እኔ ደግሞ ‹አታይም› ተባልኩ!» አሉ አጎቴ።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቆይ፣ ቆይ። እኔ ስላልነበርኩ ወሬውን በደንብ አልሰማሁትም። ያን ዕለት ማን ነበር አብሮህ?»

«ማንም። አንቺ ልጅሽ ዘንድ አልነበርሽ?»

«ታዲያ ባትሪውን ማን ያዘልህ?»

አናጺው ከበሩ ላይ ቀና አሉ።

«የምን ባትሪ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

አጎቴ በችኮላ «ኧረ ተዪው፣ እሱ ያንቺ ጨዋታ ነው» አሉ።

«የምን ጨዋታ?» እትዬ ወደ እኛ ዞሩ። «ከዳገቱ ስንወርድ ጋቢና የምቀመጠው ለሽርሽር መሰላችሁ? ወደ ቀኝ የሚዞር ኩርባ ስንደርስ ክንዴን በመስኮት አወጣና ጥጉን በእጅ ባትሪ አበራለታለሁ። ሰው ካለ፣ ከብት ካለ፣ ድንጋይ ካለ ይታየዋል። እሱ ‹አብሪ› ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ‹ላብራ› ብዬው አላውቅም። እንዲሁ ለምዶብን ነው።»

«ወደ ግራ የሚዞረውንስ?» ጠየቀ ፀጉር አስተካካዩ፤ ምላጩን ረስቶታል።

«የግራውን እሱ ራሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያየዋል። ለዚህ አይደል ክረምት ከበጋ ጉንፋን የማይለየው?»

አናጺው ባወለቁት በር ላይ ተቀምጠው መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ኩርባው ላይ ብልጭ የሚለው ምንድን ነው እያልኩ! ልጆቹ ጅብ ነው ሲሉኝ!»

እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። አጎቴ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ እፊታችን ተቀምጦ ነበር። ያ የተቸነከረ መብራት ድሮም ሽንኩርቱን ነበር የሚያየው፤ ጥጉን ያዩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ያን ዕለት የተለወጠው መንገዱ አይደለም፣ ዓይናቸውም አይደለም፣ አናጺውም አይደሉም። ያን ዕለት ጋቢናው ባዶ ነበር።

«ጋሼ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ከመሪው ጋር የሚዞር መብራት ጠቃሚ ነው አይደለም ብለን የምንከራከረው በከንቱ ነው። እርስዎ እድሜዎን ሙሉ ያለ እሱ አልነዱም።»

አጎቴ በፎጣው ጫፍ ከከንፈራቸው አረፋ ጠረጉ። ከዚያ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ነገሩን ወደ ራሳቸው መለሱት።

«ይሁን! ተሸነፍኩ እንበል። እንግዲያውማ ለምን ሌላ እፈልጋለሁ? ዘይት የማይጠጣ፣ አቧራ የማያንቀው፣ ሞተሩ የማይበላሽ መብራት ቤቴ ውስጥ አለልኝ። እሷ ተመልሳለች። ረጅሙን መኪና እወስዳለሁ፣ እሷም እንደ ድሮው ታበራለች። አለቀ።»

ፀጉር አስተካካዩ «ይህስ መልስ የለውም» አለ። ያረጀ ልማድ የሚሠራ እስከመሰለው ድረስ ሰው አይለቀውም፤ ሥራውን የሚሸከም ሰው መኖሩን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

እትዬ ሹራቡን ፈቱና ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ላይ ለማንሳት ሞከሩ። ክንዱ እስከ ደረታቸው ደረሰና ቆመ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ መልሰው አወረዱት።

«ይኸው መብራትህ» አሉ፤ እየሳቁ ነበር የተናገሩት።

አጎቴ ወንበሩን አዞሩ። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አንጠልጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። «ይህ... ልብስ በማጠብ ነው አላልሽኝም?»

«አልኩህ።»

«እና አይደለም?»

«በተከፈተ መስኮት፣ በዚያ ነፋስ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የወጣ ክንድ ሌላ ምን ይሆናል ብለህ ነው? ነርሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ከባትሪው ነው ብልህ አመሻሹን ትተወው ነበር። አመሻሹን ከተውከው ደግሞ የእነዚያ የዳገቱ ሰዎች ወተት መሬት ይጠጣዋል። ስለዚህ ልብስ ማጠብ ነው አልኩህ። ልብሱስ ቢሆን የማን ነው?»

አጎቴ ጺማቸው ግማሽ እንደሆነ ተነስተው የባለቤታቸውን ሹራብ መልሰው ጠቀለሉላቸው። እጃቸው የጣሳ እጅ ስለሆነ አጠቃለሉ አላማረም፤ እትዬ ግን አላስተካከሉትም።

ከዚያ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ኮሌጁ፣ ‹በመሞከር ነው የምናውቀው› ብለህ አልነበር? እንሞክር። ወሬ ሰልችቶኛል።» ቀጥለውም ወደ አናጺው፣ ዓይናቸውን ሳይጥሉ፣ «እርስዎም ካልደከሙ ያን ክፈፍዎን ይዘው ይምጡ» አሉ።

«እመጣለሁ» አሉ አናጺው። «ግን አልዘልም።»

ኃላፊዋ ሁለቱንም ቁልፎች ሰጠችን። ፀሐይ ጠልቃ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር መኪኖቹን ከኩርባው በላይ አመጣናቸው። አጭሯን ያመጣት ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ ብሎ ስለማለ። አናጺው ያን ዕለት ቆመውበት ወደነበረው ቦታ ሄዱ፤ አሁን ግን ከመንገዱ ጠርዝ ካለው ትልቅ ድንጋይ ጀርባ አቆምናቸው። የተሰነጠቀውን ክፈፍ በትከሻቸው ያዙ። «ያዩኝ ጊዜ ጮክ ብለው ‹አየሁ› ይበሉ» አሉ።

መጀመሪያ በረጅሙ ወረድን፤ አጎቴ ከመሪው፣ እትዬ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል። ኩርባው ላይ ስንደርስ የእትዬ ክንድ በራሱ ጊዜ ወደ መስኮቱ ሲነሳ አየሁ። ራሳቸውም አላወቁትም። «እትዬ፣ ይተዉት» አልኳቸው፤ ክንዳቸውን መለሱ። መብራቱ ሽንኩርቱን አበራው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ይቆጠራል። ጥጉ ግን እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል። አጎቴ አንገታቸውን አስግገው እየፈለጉ ነው። ፈልጉ ተብለው፣ እዚያ እንዳሉ እያወቁ፣ ቀስ እያሉም እንኳ «አየሁ!» ያሉት ድንጋዩ ከመስኮታችን ትይዩ ሊሆን ጥቂት ሲቀር ነበር።

አጎቴ መኪናውን አቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ወረዱ። አናጺው ጋ ሄደው ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«ቆመህ ነበር» አሉ።

ያን «አንተ» ስሰማ ውስጤ ሞቀኝ። አናጺው ክፈፉን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ቆሜ ነበር። አንተም አላየኸኝም ነበር።»

«አላየሁህም።»

«እኔ ደግሞ አይቶ ነው፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ነው ብዬ ነበር። ‹ለወተቱ ነው እንጂ ለእኔ መች ይጨነቃል› ብዬ አማሁህ።»

«እንደ ፌንጣ አልኩህ እኮ! አንተን! ግንድን!»

«አንተ ቀርፋፋ» አሉ አናጺው፤ ሰላም ወረደ።

በአጭሯ ስንወርድ ጨለማው ደህና አድርጎ ይዞ ነበር። ኩርባው ላይ አጎቴ መሪውን ገና ሲነኩት የመብራቱ ጫፍ ከሽንኩርቱ ላይ ተነስቶ፣ አንድ ሰው ችቦ ይዞ ቀድሞን የሚሄድ ይመስል፣ ወደ ቀኝ ጥጉን እየጠረገ ገባ። መጀመሪያ የድንጋዩ ነጭ ታየ፣ ከዚያ የአናጺው ትከሻ፣ ከዚያ ክፈፉ።

«አየሁ!» አሉ አጎቴ። ገና ሩቅ ነበርን። ፍሬን ረግጠው፣ አስበው፣ ቢፈልጉ አንድ ዘፈን ዘፍነው የሚቆሙበት ርቀት ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። የእትዬ ክንድ አሁንም ሳያውቁት ተነስቶ ወደ መስኮቱ ማምራት ጀምሮ ነበር። ጥጉ ቀድሞ እንደበራ ሲያዩ ክንዳቸው ቆመ። ጥቂት በአየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ጭናቸው ላይ አረፈ። አጎቴም አይተውታል፤ መንገዱን እያዩ ስለነበር አላዩም ብዬ አስቤ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

አናጺውን ስለ ዓይናቸው ጠየቅናቸው፤ የአጎቴ ጥያቄ መልስ ያስፈልገው ነበርና። «በአጭር መብራት ምንም አላስቸገረኝም» አሉ። «ረጅሙን መብራት ስታበራ ግን ዓይኔን ጨፈንኩ።» ስለዚህ ኩርባ ላይ ረጅም መብራት እንዳይበራ ተስማማን። ፀጉር አስተካካዩም ይህን በሱቁ መስታወት ላይ እንደሚጽፈው ቃል ገባ።

ወደ ግቢው ስንመለስ ፀጉር አስተካካዩ ረጅሙን መኪና ከኋላችን እየነዳ፣ አናጺውም ጎኑ ተቀምጠው፣ ሲከራከሩ በመስኮት ይሰማን ነበር። እኔም በሐሳቤ ያየነውን አጠቃልል ጀመር። የሚዞረው መብራት ተአምር አይደለም፤ ተራራ አልፎ አያሳይም፣ ለሚከንፍ አይደርስም፣ መጠገንና መጽዳት ይፈልጋል፣ ጣሳም ይቀንሳል። ነገር ግን ሾፌሩ መሄድ የሚፈልግበትን ቦታ ከመድረሱ በፊት ያሳየዋል። ጥግ ይዞ ለሚሄድ እግረኛ የሕይወት ዋስትና ነው። ሾፌሩም አንገቱን በመስኮት ከማውጣት ያርፋል፣ ወተቱ ቦይ ውስጥ ከመፍሰስ ይድናል፤ ጎረቤት ከጎረቤት «ውሸታም» ከመባባል ይተርፋል። አዲስ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ግን አዲሱን «አያስፈልገንም» ከማለታችን በፊት እስከ ዛሬ ሥራውን ማን ሲሠራልን እንደኖረ፣ በምን ክንድ ሲሠራ እንደኖረ መጠየቅ ደግ ነው።

ኃላፊዋ በግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አጎቴን ስታያቸው ዓይኗ ፊታቸው ላይ ቀረ፤ ለካ ጺማቸው እስካሁን ግማሽ ነው፣ ከእኛ አንዳችንም አላስታወስናቸውም።

«በግማሽ ነው የወሰኑት ማለት ነው?» አለች ሳቋን ይዛ።

አጎቴ ጉንጫቸውን ዳሰሱ፣ ሳቁም። ከዚያ የረጅሙን መኪና ቁልፍ ከፀጉር አስተካካዩ ተቀብለው መለሱላት፤ የአጭሯን ግን በመዳፋቸው ጨብጠው አስቀሩ። እትዬን ከጋቢናው በግራ እጃቸው ደግፈው እያወረዱ፣ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«አጭሯን እወስዳለሁ። ወተቱ ሲበዛ ሁለቴ እመላለሳለሁ፣ አቧራዋንም እኔው እጠርጋለሁ። ባለቤቴም ከፈለገች ጋቢና ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ግን መስኮቱ ይዘጋል፤ እጇም ጭኗ ላይ ይቀመጣል!»